ሳነቴ ለመውጣት ያሰባችሁ፣ መጀመሪያ የመመለሻ ሰዓታችሁን ጻፉ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ ከጨጓራና ከፀጉር መነቃቀል ወደ ጉዞ ዞሯል። ክረምቱ ወጣ፣ መንገዱ ደረቀ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኛሞች መኪና ተከራይተው ባሌ ሊሄዱ ነው። «ዶክተር፣ ቱሉ ዲምቱን ለመውጣት ምን መድኃኒት ልያዝ?» የሚል መልእክት ብቻ ከአምስት ሰው ደርሶኛል። (የአቃቂውን ቱሉ ዲምቱ ማለታቸው አይደለም። እዚያ ለመድረስ የሚያስፈልገው ታክሲና ትዕግሥት ነው።)

መልሱን በአንድ መስመር መጻፍ እችል ነበር። ግን ዓምና የሠራሁትን ስህተት ሳልነግራችሁ የመድኃኒት ስም ብቻ ጠርቼ ባልፍ ደስ አይለኝም።

ዓምና ኅዳር መጀመሪያ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ለእረፍት መጣ። በአራት ዓመት ይበልጠኛል፤ ከጂም የማይቀር፣ ደረቱ በር የሚያህል ሰው ነው። ሐሙስ ማታ ቦሌ አረፈ። እኔ ደግሞ ሐሙስ ሌሊቱን ዲዩቲ አድሬ ዓርብ ጠዋት ወጣሁ። እስከ እሑድ ማታ ነፃ ነኝ፤ ያለን ጊዜ ያ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋቱን መኪና ውስጥ ገባን፣ ማታ ጎባ ደርሰን አደርን፣ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሳነቴ ጉዞ ጀመርን።

እስቲ ከፍታውን ተመልከቱልኝ። ዱባይ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ አትልም። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። ጎባ 2,700 ገደማ። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ ደግሞ 4,377 ሜትር። ይኼ ሁሉ ለእሱ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ የተከናወነ ነው። በወረቀት ላይ ቢመጣልኝ «ማነው ይህን ያቀደው?» ብዬ እቆጣ ነበር። ያቀድኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ጎባ ላይ «ራሴን ይዞኛል» አለኝ። ቀጥሎም «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» ብሎ ራሱ መረመረ፣ ራሱ ወሰነ። ቡናውን ጠጣ፤ ራስ ምታቱ ግን አልለቀቀውም። ከቦርሳዬ አይቡፕሮፌን አውጥቼ ሰጠሁት። በሥራ ቦታዬ ለማንም ታካሚ «መቼ ጀመረህ? ያቅለሸልሽሃል? ከየት ነው የመጣኸው?» ሳልል የማላልፍ ሰው፣ ለገዛ ወንድሜ ኪኒን ሰጥቼ «በል እንሂድ» አልኩት። እንቅልፍ ያጣ ሐኪም ከቤተሰቡ ጋር ሲሆን እንዲህ ነው የሚያደርገው።

ቦታው ግን ያስረሳል። ከጎባ ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ በአስታው ጫካ መሃል ይጠማዘዝና ድንገት ዛፍ የሚባል ያልቃል። ትምህርት ቤት ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለን የሸመደድነው «ውርጭ» ይኼ ነው። ድንጋይ፣ አመዳማ ቁጥቋጦ፣ እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ጅብራ፣ ትንንሽ ሐይቆች። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል አድብቶ ሲጠብቅ በዓይናችን አየን። ፍልፈሎቹ መሬቱን እንደ ወንፊት ነው የበሱት፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።

መኪናውን ከመንገዱ ዳር አቁመን በእግር ጀመርን። እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ድረስ መኪና የሚሄድበት መንገድ አለ፤ እኛ ግን «በእግራችን ካልወጣን ምኑን ወጣነው» ብለናል። የመጨረሻው ዳገት እግር ሲረግጠው የሚንሸራተት ልቅ ድንጋይ ነው። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ፣ ጫፉ ቁልጭ ብሎ እየታየን፣ መሪያችን ጠጋ አለኝና በቀስታ «ዶክተር፣ የወንድምሽ አረማመድ አላማረኝም» አለኝ። ከዚያው አካባቢ የሆኑ፣ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው።

ዞር ብዬ አየሁት። እግሩን አራርቆ ነው የሚራመደው። «ና እስቲ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጋር እያገናኘህ በቀጥታ መስመር ተራመድ» አልኩት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ እንደሰከረ ሰው ወደ ጎን ወደቀ። ጣቱ ላይ ኦክሲሜትር ሳደርግለት 74 አሳየ፤ የእኔ 85 ነበር። እዚያ ከፍታ ላይ ቁጥሩ በሁሉም ሰው ስለሚወርድ ብቻውን አይወስንም። አረማመዱ ግን ወስኖልኛል። ሚዛን መሳት ማለት አንጎል ውሃ መቋጠር ጀምሮ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ተራራ ላይ ሲቲ ስካን የለም፤ እንደዚያ ነው ብሎ ማመንና መውረድ ብቻ ነው ያለው።

ችግሩ እሱ አልወርድም አለ። «ደክሞኝ እኮ ነው! ሁለት መቶ ሜትር ለማትሞላ? አንቺ ሁልጊዜ ታካብጃለሽ» አለኝ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተጨቃጨቅን። ደመናው ከሐረና ጫካ በኩል እየተንከባለለ ወጣና ጫፉን ሸፈነው። በመጨረሻ መሪያችን ምንም ሳይናገሩ የወንድሜን ቦርሳ አንሥተው ወደ ታች መራመድ ጀመሩ። ውሃውም ስልኩም ቦርሳው ውስጥ ነው። እያጉረመረመ ተከተላቸው።

ጎባ ሆስፒታል ኦክስጅንና ዴክሳሜታዞን ተሰጠው፣ ሌሊቱን በክትትል አደረ። እሑድ ጠዋት ፍርፍር አዝዞ ሲበላ «ምን ሆኜ ነው ግን?» አለኝ። ከጭቅጭቃችን ግማሹን አያስታውስም።

አሁን ወደ እናንተ ጉዞ ልምጣ። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ላይም ታችም 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስንተነፍስ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል። ሰውነታችን ይህን ይለምዳል፣ ግን በራሱ ጊዜ ነው፣ በቀናት። ጡንቻ አያፋጥነውም። እንዲያውም ጂም የሚሠራ ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣና ሕመሙን ስለሚንቅ ይብስበታል።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ ለእኛ ምናችን ነው» የምትሉኝም አላችሁ። ከፊሉ እውነት ነው። በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ 3,500 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ አማሮች የደም ሄሞግሎቢናቸውም የኦክስጅን መጠናቸውም ባሕር ዳርቻ እንደሚኖር ሰው መሆኑን አሳይቷል። እዚያው ባሌ ውስጥ ደግሞ ፍንጫ ሃበራ በሚባል የዋሻ መጠለያ ከ31,000 እስከ 47,000 ዓመት በፊት ሰዎች ፍልፈል እየጠበሱ ይኖሩ እንደነበር በ2019 ታትሟል። ግን እናንተ ፍንጫ ሃበራ አላደጋችሁም። አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ወይም አምስት ዓመት ዱባይ የኖረ ሰው የአያቱን ሳንባ ተማምኖ አይወጣም።

ስለዚህ እቅዳችሁ ከተራራው ጫፍ ሳይሆን ከምታድሩበት ቦታ ይጀምር። ከአዲስ አበባ የምትነሡ ከሆነ ዲንሾ (3,100 ሜትር ገደማ) አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት እደሩ፤ ቀን ሳነቴ ወጥታችሁ ማታ ወደ ታች ተመለሱ። ከውጭ ወይም ከቆላ የመጣ እንግዳ ካላችሁ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ሦስት ሌሊት ያድር። ጊዜ ከሌለው ሳነቴን ለሌላ ጊዜ አቆዩት፤ ዲንሾ አካባቢ ኒያላ እያዩ መዋልም እኮ ጉዞ ነው። መኪናው እስከ ጫፉ ስለሚያደርሰን ቀላል ነው የምትሉ ደግሞ፣ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከጎባ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚያወጣ መኪና ሰውነትን ምንም ጊዜ አይሰጠውም።

ቀጥሎ የመመለሻ ሰዓት። እኔና ወንድሜ የተጨቃጨቅነው ስለ ሕክምና አልነበረም። ቀድመን ያልተስማማንበት ነገር ስለነበረ ነው። ኦክስጅን ያነሰው አንጎል «ልውረድ ወይስ ልቀጥል» የሚለውን እንዲወስን ተፈረደበት። እናንተ ግን ከቤት ሳትወጡ ወስኑት፦ ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንሆን፣ ጫፉ አሥር ሜትር ቢቀረውም፣ እንዞራለን። ከሰዓት በኋላ ደመና ይመጣል፤ ከደመናው ጋር ብርድና ዝናብ ወይም በረዶ። ማለዳ 12 ሰዓት ተነሥታችሁ 2 ሰዓት ላይ መራመድ ከጀመራችሁ በቂ ነው። ሌላም ጨምሩበት፦ ከቡድኑ አንድ ሰው ራሱን ካመመውና ከዚያ ጋር ካቅለሸለሸው፣ ካዞረው ወይም ከወትሮው በላይ ከደከመው ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው፣ ከዚያ በላይ አይወጣም። «ቡና ስላልጠጣሁ ነው» እዚያ ላይ ተቀባይነት የለውም። ሚዛን የሳተ፣ ንግግሩ የተዘበራረቀ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያረፈ ትንፋሽ የሚያጥረውና የሚያስለው ሰው ወዲያውኑ ይወርዳል፤ ብቻውን ግን አይላክም።

አሁን መድኃኒቱ። አሴታዞላማይድ የሚባለው (ብዙዎቻችሁ ዳያሞክስ ብላችሁ የጠየቃችሁኝ) ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል። ለመከላከል የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል። ጣት ያደነዝዛል፣ ቶሎ ቶሎ ያሸናል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለው፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሳትማከሩ እንዳትወስዱ። የልብ፣ የሳንባ ወይም የሲክል ሴል ችግር ያለባችሁ ደግሞ ከመድኃኒቱም በፊት ጉዞውን ራሱን ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩበት። የስኳር ሕመምተኞች የስኳር መለኪያችሁና ኢንሱሊናችሁ እንዳይቀዘቅዝ ከሰውነታችሁ ጋር አስጠግታችሁ ያዙ።

ልብስ ላይ ብዙ አልልም፦ ጂንስ አይሆንም። ጥጥ ነው፣ ከረጠበ አይደርቅም፣ ሙቀት ይመጥጣል። ጋቢም እንዲሁ፤ ማታ ዲንሾ እሳት ዳር ግን ወደር የለውም። ሱፍ ወይም ፖሊስተር ሹራብ፣ ላዩ ላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት። በደረቁ ወራት ቀን ሞቅ ይላል፣ ሌሊት ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል። «ለብርዱ» ተብላ ቦርሳ ውስጥ የምትገባው አረቄ ደም ሥሮችን ከፍታ ሙቀታችሁን ታስወጣዋለች፤ የሞቃችሁ ይመስላችኋል እንጂ እየቀዘቀዛችሁ ነው። ፀሐዩ ደግሞ ብርድ ስለሆነ አይታወቅም፣ ያቃጥላል፤ ክሬምና መነጽር ያዙ።

ጾመኞች፣ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ እዚያ መራመድ አይሆንም። ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ ወይም ቀኑን ቀይሩ። ቆሎና በሶ ከየትኛውም የታሸገ ብስኩት ይሻላሉ።

ፍልፈሎቹስ ያልኩት ለዚህ ነው፦ ጉድጓዳቸው በሣር ይሸፈናል፣ እግር ይገባበታል። ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርጉ። ወለም ካላችሁና አራት እርምጃ መራመድ ካቃታችሁ ወይም አጥንቱ ራሱ ሲነካ የሚያም ከሆነ ራጅ ያስፈልጋል፤ ወጌሻ ጋ ከመሄዳችሁ በፊት። የእረኛ ውሾችን አትዳብሱ። ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ነው የሚመጣው። ከተነከሳችሁ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ስልክ እዚያ ላይ ይሠራል ብላችሁ አትተማመኑ። የአካባቢውን መሪ ያዙ፣ መኪናውና ሹፌሩ ቅርብ ይሁኑ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ የሚያውቅ አንድ ሰው ጎባ ወይም ዲንሾ ይኑር።

የአክስቴ ልጅ ጥር ላይ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ ጊዜ አሥራ ሁለት ቀን አለው፤ አራቱን አዲስ አበባ፣ ሁለቱን ዲንሾ ያድራል። እቅዱን በዋትስአፕ ልኬለት ነበር። ሳይጠይቀኝ አስተካክሎ መለሰልኝ፦ «የመመለሻ ሰዓት፦ 7» የሚለውን ሰርዞ «6፡30» አድርጎታል፤ ከሥሩም ቦርሳውን መሪያችን ከመጀመሪያው እንዲይዙለት ጽፏል።