የጎልፍ ሃንዲካፕ ምን ይለካል?

በጎጃም ደጋ በገና ሰሞን እሩር የሚባለውን ኳስ በቆልማማ ዱላ የሚመቱ ተጫዋቾች የችሎታ ልዩነታቸውን በቁጥር አያካክሱም፤ ጎልፍ ግን ለዚሁ ሃንዲካፕ የሚባል ድንቅ መለኪያ አለው። ሃንዲካፕ አንድ አማተር ተጫዋች፣ ጥሩ በተጫወተበት ቀን፣ ፓር ከሚባለው የሜዳው መደበኛ የምት ብዛት በላይ በግምት ስንት እንደሚጨምር የሚያሳይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተጀመረው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከመጨረሻዎቹ 20 ውጤቶች የተሻሉት 8 ተመርጠው በአማካያቸው ይሰላል፤ ጣሪያው 54 ነው።

በአሜሪካ የተመዘገቡ ወንዶች አማካይ ሃንዲካፕ 14 ገደማ ቢሆንም፣ ውጤታቸውን በትጋት የሚያስመዘግቡትን ብቻ ስለሚወክል ጀማሪ ሃንዲካፑ ከዚህ ቢበልጥ ሊያፍር አይገባም። ስሌቱ የሜዳውን አስቸጋሪነትም ያገናዝባል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ እዚያ የሚመታ ኳስ ከቆላው ይልቅ ይርቃል፤ እዚያ የጎልፍ ሜዳ ቢሠራ ይህ በሜዳው ምዘና ይታሰባል።