ባለቤቱን የሚሰልል ስልክ

ፒዮንግያንግ ውስጥ የሚሸጥ ስማርት ስልክ ላይ ላዩን ሲያዩት ከሌላው አይለይም። በአንድሮይድ ይሠራል፤ ካሜራም ጌምም አለው። ጉዱ የሚወጣው ሲጽፉበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ከሰሜን ኮሪያ በድብቅ ወጥቶ ቢቢሲ እጅ የገባ አንድ ስልክ «ደቡብ ኮሪያ» ተብሎ ሲጻፍበት በራሱ ጊዜ አጥፍቶ «አሻንጉሊት መንግሥት» ብሎ ይተካል። የደቡብ ወጣት ሴቶች የወንድ ጓደኛቸውን የሚጠሩበት «ኦፓ» ደግሞ «ጓድ» ይሆናል፤ ቃሉ ለሥጋ ወንድም ብቻ እንደሚውል የሚያሳስብ ማስጠንቀቂያም ይከተላል።

ሀገሪቱ ኮርዮሊንክ የተባለውን የሞባይል ኔትወርክ በ2008 የጀመረችው ከግብጹ ኦራስኮም ጋር በሽርክና ነበር። አሪራንግ የተሰኘው ስማርት ስልክ በ2013 ተከተለ።

ተራው ዜጋ ኢንተርኔት አያገኝም። ታዲያ ኢንተርኔት ለሌለው ስልክ ይህ ሁሉ ጥበቃ ለምን? መንግሥት የሚፈራው በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ በድንበር ሾልኮ ገብቶ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን የደቡብ ኮሪያ ድራማና ዘፈን ነው። ለዚህ የሚቆረጥ መስመር ወይም የሚዘጋ ድረ ገጽ የለም። ስለዚህ ዘበኛው ስልኩ ውስጥ ገባ።

አሠራሩን በዝርዝር ያጋለጡት ጀርመናውያን የኮምፒውተር ደኅንነት ተመራማሪዎች ናቸው። በ2016 ሃምቡርግ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ኡሊም የተባለውን የሰሜን ኮሪያ ታብሌት ፈታተው አሳዩ። ቻይና ሠራሽ ነው፤ ዋይፋዩና ብሉቱዙ ግን ወጥቶለታል። ፎቶም ሆነ ቪዲዮ ወይም ጽሑፍ የሚከፈተው ዲጂታል ፊርማ ካለው ብቻ ነው። ፊርማውም ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የመንግሥት፣ ሌላው ታብሌቱ ራሱ ላዘጋጀው ፋይል የሚሰጠው። በዚህም ምክንያት በአንዱ ታብሌት የተነሳ የልጅ ፎቶ በጎረቤት ታብሌት አይከፈትም። ሳንሱሩ የባዕድ ፊልም ከመከልከል አልፎ ሰው ለሰው የሚሰጣጠውን ነገር ሁሉ የሚያግድ ሆነ ማለት ነው።

ትሬስ ቪወር የሚባል ፕሮግራምም አለበት። ተጠቃሚው አፕ በከፈተ ቁጥር ስክሪኑን ፎቶ እያነሳ ያስቀምጣል። ባለቤቱ ፎቶዎቹን ማየት ይችላል፤ ማጥፋት ግን አይችልም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋውም ይኸው ነው፤ ሰውየው እየተሰለለ መሆኑን እንዲያውቅ ሆን ተብሎ ተደርጓል። ፎቶዎቹን የሚያገላብጥ መርማሪ ባይመጣ እንኳ ፍርሃቱ ሥራውን ይሠራል። ቢቢሲ ያገኘው ስልክ በበኩሉ በየ5 ደቂቃው ፎቶ ያነሳል፤ የሚያስቀምጥበትን ፎልደርም ለባለቤቱ አይከፍትም።

ሰው ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ሉመን የተባለ ድርጅት በ2022 ባወጣው ጥናት ከሀገር የወጡ ሰዎች ስልካቸውን ከኮምፒውተር ጋር እያገናኙ ጥበቃውን እንዴት እንደሰበሩ ተርከዋል። ከመካከላቸው ሙያውን ቻይና ውስጥ ሲሠራ የቀሰመ ይገኝበታል። ያልተፈቀዱ አፖችን ይጭኑ፣ የተጠራቀሙትን የስክሪን ፎቶዎችም ይሰርዙ ነበር። እንዲህ የሚያደርጉት ብዙ አልነበሩም። ሆኖም በታኅሣሥ 2020 የወጣው የባዕድ ባህልን የሚከለክለው ሕግ ስልክን ለመነካካት የሚያገለግሉ ፕሮግራሞችን መጫንንም ወንጀል አድርጎታል።