እንዴት ይሠራል? ፊቱ ክፍት ሄልሜት

አዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ሱሉልታ የሚወጡትንና ወደ ፒያሳ የሚወርዱትን ሞተሮች ለሚያይ ሰው ሄልሜት ሦስት ቦታ ይታየዋል፦ ጭንቅላት ላይ ታስሮ፣ ጭንቅላት ላይ ሳይታሰር፣ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ። ክንዱ ላይ ያንጠለጠለውን ብትጠይቁት ሕጉን አያጣውም። «ግንባሬን ይወጋኛል፣ ያፍነኛል፣ ጆሮዬን ይደፍነዋል» ይላችኋል። ሄልሜት ሲገዛ ምቾት የቅንጦት ጉዳይ ያልሆነው ለዚህ ነው። የማይመች ሄልሜት የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት ጭንቅላት ላይ አይገኝም።

በ2011 ዓ.ም. ክረምት የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ያለ ልዩ ፈቃድ በሞተር መንቀሳቀስን ከከለከለ ወዲህ፣ ብዙዎቹ ሞተሮች የሥራ ሞተሮች ናቸው። ዕቃ የሚያደርስ ሰው በየደጁ ይቆማል፣ ስልክ ያነሳል፣ ደንበኛ ያነጋግራል። ፊቱ ክፍት የሆነው ሄልሜት የሚመረጠው ቀለል ስለሚል፣ ስለሚያናፍስና ሳያወልቁት ማውራት ስለሚያስችል ነው።

ውስጡ ምን ይሠራል?

የውጪው ቅርፊት ከጠንካራ ፕላስቲክ ወይም ከፋይበር ግላስ ይሠራል። ሥራው ምቱን በሰፊው መበተን፣ ሹል ነገር እንዳይገባ ማገድና አስፋልት ላይ መንሸራተት ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከሥሩ ያለው ነጭ ፎም ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ፎም ጋር ዘሩ አንድ ነው፤ የሄልሜቱ ጠጠር ይላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በአውሮፓው መመዘኛ ሄልሜት ከሚፈተንባቸው ፍጥነቶች አንዱ በሰከንድ 7.5 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ነው። ከ3 ሜትር ጥቂት ዝቅ ካለ ከፍታ መውደቅ ማለት ነው። ባዶ ጭንቅላት አስፋልት ላይ ሲያርፍ 2 ሚሊ ሜትር በሚያህል ርቀት ይቆማል እንበል። ፎሙ 2 ሴንቲ ሜትር እየተጨፈለቀ ካቆመው፣ ርቀቱ አሥር እጥፍ ረዝሟልና አንጎል ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። አንዴ የተጨፈለቀ ፎም ግን ተመልሶ አይነፋም። ስለዚህ አንድ ከባድ አደጋ ያየ ሄልሜት ቀለሙ ባይጫርም ሥራውን ጨርሷል። ያገለገለ ሄልሜት በርካሽ መግዛት የማይመከረውም ምን እንደደረሰበት ከውጪ ስለማይታወቅ ነው።

ጥቅሙ ተመዝኗል። ኮክሬን የተባለው የጥናት ተቋም በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ ሄልሜት የሞት አደጋን 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ እንደሚቀንስ አስፍሯል።

ክፍትነቱ ምን ያስከፍላል?

አገጭን። በጀርመን አደጋዎች ላይ በተደረገ የታወቀ ጥናት ሄልሜት ላይ ካረፉት ምቶች ሲሶ ያህሉ አገጭ አካባቢ ነበሩ። ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ወጥቶ በጎጃም መንገድ ከሲኖትራክና ከአይሱዙ ጋር እየተጋፋ እስከ ጫንጮ ለሚሄድ ሰው አገጭ የሚሸፍነው ይሻለዋል። እዚሁ ከሰሜን ሆቴል እስከ ድል በር በዝግታ ለሚመላለስ ግን ልኩ የሆነ ክፍት ሄልሜት፣ ክንድ ላይ ከሚውለው ሙሉ ሄልሜት ይበልጣል።

ምልክቱን ማንበብ

የአገራችን የትራፊክ ሕግ ሞተር ነጂውም ተሳፋሪውም ሄልሜት እንዲያደርጉ ያዛል። የግንባታ ቆብና የብስክሌት ሄልሜት ለዚህ አልተሠሩም። የአውሮፓ መመዘኛ ያለፈ ሄልሜት አብዛኛውን ጊዜ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ጨርቅ አለው፦ በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና የአገር ቁጥር (1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን)፣ ከሥሩ በ05 ወይም በ06 የሚጀምር ረዘም ያለ ቁጥር። 06 አዲሱ መመዘኛ ነው። ቀጥሎ «ጄ» የሚል ፊደል ካለ አገጭ የማይሸፍን ዓይነት መሆኑን ይናገራል። የአሜሪካው «ዶት» ከኋላ ይለጠፋል፤ ማረጋገጫውን የሚሰጠው አምራቹ ራሱ ስለሆነና ተለጣፊውን ማንም ሊያሳትመው ስለሚችል፣ ብቻውን አትመኑት። ነጩ ፎም ስስ ከሆነ ወይም ጭራሹን ከሌለና ስፖንጅ ብቻ ከሆነ፣ የፈለገው ምልክት ቢለጠፍበት ተዉት።

ልክ መያዝ

የልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከኋላ በጭንቅላቱ ጉብታ ላይ አዙሩት። በብዙ አምራቾች 57 እና 58 መካከለኛ፣ 59 እና 60 ትልቅ ነው። ቁጥሩ መነሻ ብቻ ነው፤ አንዱ አምራች ለሞላላ፣ ሌላው ለክብ ጭንቅላት ይሠራል። ሱቅ ውስጥ አድርጋችሁት አሥር ደቂቃ ቆዩ፤ ባለሱቁ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ። ስታወልቁት ግንባር ላይ የቀላ ምልክት ካለ ቅርጹ የእናንተ አይደለም። በእጃችሁ ግራና ቀኝ ስታዞሩት የጉንጫችሁ ቆዳ አብሮ መሳብ አለበት፤ ስፖንጁ ሲውል ሲያድር ይለቃልና አዲስ ሲሆን ጠበቅ ማለቱ ደግ ነው። ከዚያ ማሰሪያውን ከአገጭ ሥር አንድ ወይም ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ አጥብቃችሁ፣ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ግፉት። ከተንሸራተተና ከወለቀ፣ ስትወድቁም ይወልቃል።

የእንጦጦ ብርድና የክረምቱ ዝናብ ፊት ለፊት ስለሚመጡ እስከ አገጭ የሚወርድ መስታወት ያለውን ምረጡ። ጥቁር መስታወት ለቀን ብቻ ነው፤ የተጫረ መስታወት ደግሞ ማታ የመኪና መብራት ይበትንባችኋል። ሄልሜቱን በቤንዚን ወይም በቀለም ማቅጠኛ አትጥረጉት፣ ፕላስቲኩንና ፎሙን ይበላዋል፤ ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። የሞተሩ ስፖኪዮ ላይ መስቀልም ፎሙን ከውስጥ ያጎደጉደዋል።

ገንዘብ ካጠረ ከቀለሙና ከጌጡ ቀንሱ፤ ከልኩ፣ ከፎሙና ከማሰሪያው አትቀንሱ። ሰው የምትጭኑ ከሆነም ሁለተኛውን በዚሁ መስፈርት ግዙ፤ ከኋላ የሚቀመጠውም የሚወድቀው እዚያው አስፋልት ላይ ነው።