ያውቁ ኖሯል? ስክሪን ያለው ጆይስቲክ

ጆይስቲክ የራሱ ስክሪን ሲኖረው ጌሙ የበለጠ ይጥማል ወይስ ዋጋው ብቻ ይንራል? ጥያቄው የጌም ወዳጆችን ለዓመታት ሲያከራክር ኖሯል። ሴጋ፣ ሶኒና ኒንተንዶ በየፊናቸው ሞክረውታል፤ የከሰረበትም አለ፣ ዛሬም አቻ ያልተገኘለት ጌም የሠራበትም አለ። ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የማያውቃቸውን እነሆ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? ከስክሪኑ በፊት ፕላስቲክ ነበር። የአሜሪካው አሻንጉሊት አምራች ማቴል በ1980 በመላ አገሪቱ ለገበያ ያቀረበው ኢንተለቪዥን የተባለው ኮንሶል፣ ጆይስቲኩ ላይ የስልክ ዓይነት 12 ቁልፎች ያሉት ሰሌዳ ነበረው። እያንዳንዱ ጌም ሥዕል የታተመበት ስስ ፕላስቲክ አብሮት ይመጣል፤ ተጫዋቹ ቁልፎቹ ላይ ያንሸራትተዋል። በቃ፣ ሰሌዳው ለቤዝቦልም ለጦርነትም እንደ ጌሙ መልኩን ይለውጣል ማለት ነው። እጅ ላይ ያለው ነገር ራሱ መረጃ ይስጥ የሚለው ሐሳብ ያን ያህል ዕድሜ አለው።

ያውቁ ኖሯል? በኖቬምበር 1998 በጃፓን የወጣው የሴጋ ኮንሶል ድሪምካስት ስክሪኑን ያስቀመጠው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ነበር። ካርዱ በጆይስቲኩ አናት በኩል ይሰካል፤ ጆይስቲኩ ላይ የተከፈተች መስኮት ደግሞ ስክሪኑን ለተጫዋቹ ታሳያለች። ስፋቱ 48 በ32 ነጥብ ብቻ፣ ቀለም የለውም። ካርዱ ሲነቀል የራሱ ቁልፎች ያሉት የኪስ መጫወቻ ይሆናል። ሶኒክ አድቬንቸርን የተጫወቱ ልጆች ቻኦ የምትባለዋን ትንሽ ፍጡር ከቴሌቪዥኑ ወደ ካርዱ አሻግረው፣ ትምህርት ቤት ድረስ ይዘዋት ሄደው ሊያሳድጓት ይችሉ ነበር።

ችግሩ ባትሪው ነው። ካርዱ የሚሠራው በሁለት የሰዓት ባትሪ ዓይነት ክብ ባትሪዎች ሲሆን፣ እነሱም ቶሎ ያልቃሉ። ባትሪው ያለቀበት ካርድ ኮንሶሉ በተከፈተ ቁጥር ረጅም የጲጵ ድምፅ ያሰማል። ድሪምካስት የነበረው ሰው ያንን ድምፅ አይረሳውም። ደግነቱ ባትሪው ቢያልቅም የተቀመጠው ጌም አይጠፋም።

ያውቁ ኖሯል? የዚያች ደብዛዛ ስክሪን ትልቁ ውለታ ምስጢር መጠበቅ ነበር። ኤንኤፍኤል 2ኬ በተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ጌም ተጫዋቹ ቀጣዩን የማጥቃት ስልት ከጆይስቲኩ ስክሪን ላይ መምረጥ ይችል ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠው ባላንጣ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጦ ቢውል ምንም አያገኝም። ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ፊፋ የተጫወተ ሁሉ የዚህን ዋጋ ያውቃል። በአንድ ቴሌቪዥን ፊት አሰላለፍ ሲቀይሩ፣ ተቀያሪ ሲያስገቡ፣ ተጋጣሚዎ እያንዳንዷን ነገር እያየ ነው። በዚያው ድሪምካስት ላይ በ2000 የወጣው ሬዚደንት ኢቭል ኮድ ቬሮኒካ ደግሞ የገጸ ባሕሪውን የጤና ሁኔታ በስክሪኗ ያሳይ ነበር። እሱ ግን የቴሌቪዥኑ ጥግም ሊያሳየው የሚችል ነገር ነው፤ የኤንኤፍኤሉን ግን ቴሌቪዥን በምንም ተአምር አይሠራውም። ከዚህ በታች ያለውን ሲያነቡ ይህን ልዩነት ይያዙልኝ።

ሶኒም ወዲያው ተከትሏል። ፖኬትስቴሽን የተባለው ባለ ስክሪን ሜሞሪ ካርዱ በጃንዋሪ 1999 በጃፓን ወጣ። ስክሪኑ 32 በ32 ነጥብ ነው፤ የሚሰካው ግን ጆይስቲኩ ላይ ሳይሆን ኮንሶሉ ላይ ነው። በመሆኑም ጨዋታው እየተካሄደ እጅ ላይ የሚታይ ነገር የለም። ከጃፓን ውጭ ሳይሸጥ በ2002 ተቋረጠ።

ያውቁ ኖሯል? ሁለት ስክሪን ለምን እንደሚጠቅም አጥርቶ ያሳየው ጌም በ2003 የወጣ ፓክማን ነው። ፓክማን ቨርሰስ ይባላል፤ ሐሳቡን ያፈለቀው የማሪዮ አባት ሺገሩ ሚያሞቶ ነው። ጌም ኪዩብ ከሚባለው የኒንተንዶ ኮንሶል ጋር ጌም ቦይ አድቫንስ የተባለ አንድ የኪስ መጫወቻ በገመድ ይገናኛል። ጌም ቦዩን የያዘው ሰው ፓክማን ነው፤ በእጁ ባለው ትንሽ ስክሪን ላይ የተጠላለፈውን መንገድ በሙሉ ያያል። ሌሎቹ ሦስቱ መናፍስት ናቸው፤ ቴሌቪዥኑ የሚያሳያቸው በዙሪያቸው ያለውን ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

አሁን ሳሎኑን ያስቡት። ሦስቱ ፓክማን የት እንዳለ ስለማያውቁ ይጯጯኻሉ። «እዚህ ነው፣ በግራ በኩል አልፎኛል!» «አንተ ከታች ዝጋበት!» ፓክማን የሆነው ደግሞ ሁሉንም እያየ፣ ሁሉንም እየሰማ፣ ትንፋሹን ውጦ ይሮጣል። ፓክማንን የያዘው ተጫዋች ጌም ቦዩን ይረከብና በተራው እሱ ይታደናል። ዕቃው በእጅ ሲቀባበል ሥልጣኑም አብሮ ይቀባበላል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከተሠሩት ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ፤ የሚጠይቀውም አንድ ጌም ቦይና አንድ ገመድ ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን የተሠሩ ሌሎች ጌሞች ግን ኪስ የሚያራቁቱ ነበሩ። በ2004 የወጣውን የዜልዳ ፎር ሶርድስ አድቬንቸርስ አራት ሆኖ ለመጫወት አራት ጌም ቦይና አራት ገመድ ያስፈልጋል። አንዱ ተጫዋች ቤት ወይም ዋሻ ውስጥ ሲገባ ከቴሌቪዥኑ ይሰወርና እጁ ላይ ባለው ስክሪን ይቀጥላል፤ እዚያ ምን እንዳገኘ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ፋይናል ፋንታሲ ክሪስታል ክሮኒክልስም መረጃውን ለተጫዋቾቹ ከፋፍሎ ያድላል፤ ለአንዱ ካርታውን፣ ለሌላው ጠላት ያለበትን፣ ለሌላው ሀብት የተደበቀበትን ያሳያል፤ ካልተነጋገሩ አይሳካላቸውም። ሁለቱም ድንቅ ጌሞች ናቸው፤ አራት ጌም ቦይ ያለው ቤት ግን ጥቂት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ኒንተንዶ በኖቬምበር 2012 ያወጣው ዊ ዩ ጠቅላላ ዕጣውን በዚህ ሐሳብ ላይ የጣለ ኮንሶል ነበር። ጌምፓድ የተባለው ጆይስቲኩ በጣት የሚነካ ባለ 6.2 ኢንች ስክሪን፣ ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ የቴሌቪዥን ሪሞት ጭምር ነበረው። ክብደቱ 491 ግራም ነው፤ የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክ 210 ግራም ገደማ ነው። የተሸጠው ዊ ዩ 13.56 ሚሊዮን ብቻ ሲሆን፣ ከእሱ በፊት የነበረው ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ ነበር። ስሙም ጎድቶታል፤ ብዙ ገዢ አዲስ ኮንሶል መሆኑን ሳያውቅ ለዊ የመጣ ተጨማሪ ዕቃ መስሎት አልፎታል።

ጌምፓዱ ራሱን የቻለ መጫወቻ የሚመስለው ብዙ ነው፤ አይደለም። ጌሙን የሚሠራው ኮንሶሉ ነው፤ ምስሉን አምቆ በ5 ጊጋ ኸርዝ ሞገድ ይልከዋል፣ ጌምፓዱ ተቀብሎ ያሳያል። መዘግየቱ ለዓይን የማይታወቅ መሆኑ በዘመኑ ትልቅ የምሕንድስና ውጤት ነበር። ከኮንሶሉ ትንሽ ሲርቁ ግን ምስሉ ይቆራረጣል፤ ከቤት ይዞት መውጣት አይታሰብም። ቢሆንም ቤተሰቡ በቴሌቪዥኑ ድራማ ሲከታተል ልጁ ጥግ ይዞ በጌምፓዱ ብቻ መጫወት መቻሉ የዊ ዩ ባለቤቶች ደጋግመው የሚያመሰግኑት ነገር ነው። ቴሌቪዥኑ አንድ ብቻ በሆነበት ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ስለ ባትሪው አንድ ነገር ልጨምር። ጌምፓዱ ሙሉ ቻርጅ ሆኖ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይቆያል። በዚያው ዓመት፣ ያው ኒንተንዶ፣ ለዚያው ዊ ዩ የሠራው ስክሪን የሌለው ፕሮ ኮንትሮለር የሚቆየው ግን 80 ሰዓት ነው። ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት ስክሪኑና የምስል ቅበላው ነው።

ያውቁ ኖሯል? ዊ ዩ በሁለት ጌምፓድ እንደሚያጫውት በ2012 ቢነገርም፣ ይህን የተጠቀመ አንድም ጌም አልወጣም። ኮንሶሉ ለቴሌቪዥኑ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ጌምፓድ ደግሞ አንድ አንድ ምስል መሥራት ይኖርበታል፤ ሁለት ጌምፓድ ሲገናኝም ወደ ጌምፓዶቹ የሚሄደው ምስል በሰከንድ ከ60 ወደ 30 ይወርድ ነበር። ሁለተኛ ስክሪን በኮንሶሉ ጉልበት ላይም ይከፈልበታል።

ከዊ ዩ ጌሞች መካከል ሐሳቡን በሚገባ የተጠቀመበት ዞምቢ ዩ ነው። በውስጡ ያለውን ቦርሳ የሚከፍቱት ጌምፓዱ ላይ ነው፤ ሲከፍቱት ግን ጌሙ አይቆምም። አንገትዎን ደፍተው መድኃኒት ሲፈልጉ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ገጸ ባሕሪም ተንበርክኮ ቦርሳውን ይበረብራል፤ ዞምቢው ከኋላ እየመጣ ነው። ቀና ብለው ማየት፣ እንደገና ማጎንበስ፤ ፍርሃቱ የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሌላው ሱፐር ማሪዮ ሜከር ነው፤ በ2015 ወጥቶ ተጫዋቹ በስክሪን ብዕር የራሱን የማሪዮ መንገድ እየሳለ እንዲሠራ አስችሏል። ኒንተንዶ ላንድ በተባለው ጌም ውስጥ ያለው የሉዊጂ ጨዋታ ደግሞ የፓክማን ቨርሰስ ልጅ ነው፤ መንፈስ የሆነው ተጫዋች ጌምፓዱን ይይዛል፣ አሳዳጆቹ አያዩትም፣ ሲቀርባቸው ብቻ ጆይስቲካቸው ይንቀጠቀጣል።

ከቀሩት ብዙዎቹ ስክሪኑን ለካርታ ብቻ ተጠቅመውበታል። ጭራሽ ያልተጠቀመበትም አለ፤ ዶንኪ ኮንግ ትሮፒካል ፍሪዝን በቴሌቪዥን ሲጫወቱት ጌምፓዱ ጨርሶ ጥቁር ይሆናል፤ ይህ የኒንተንዶ የራሱ ጌም ነው።

ያውቁ ኖሯል? ዓይንም የሚያወጣው ጉልበት አለ። ሦስት ሜትር ላይ ካለ ቴሌቪዥን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ወዳለ ስክሪን ሲዞሩ፣ በዓይን ውስጥ ያለው ትንሽ ጡንቻ የዓይንን ሌንስ ቅርጽ መለወጥ አለበት። ይህ አቅም ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ እየደከመ ይሄዳል፤ አባትዎ ጋዜጣ አርቀው የሚያነቡት ለዚህ ነው። በ2016 የወጣው ስታር ፎክስ ዜሮ የሚወቀሰውም በዚህ ነው፤ አውሮፕላኑን በቴሌቪዥን እያዩ ያበሩታል፣ አነጣጥረው የሚተኩሱት ግን ጌምፓዱን እያዩ ነው። ኒንተንዶ ዲ ኤስም ሁለት ስክሪን ነበረው፤ ሁለቱ ግን አንዱ ከአንዱ በላይ፣ በአንድ እጅ ውስጥ ስለሆኑ ዓይን አይቸገርም። ከ154 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ትልቁን ፍርድ የሰጠው ግን ዜልዳ ነው። ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ በመጀመሪያ የታሰበው ካርታው ጌምፓዱ ላይ እንዲሆን ነበር። የጌሙ አዘጋጅ ኤይጂ አኦኑማ ወደ ታችና ወደ ላይ መመላለስ የተጫዋቹን ትኩረት እንደሚሰብር ተናግሮ ሐሳቡ ተሰረዘ። በማርች 2017 ጌሙ ለዊ ዩም ሲወጣ ካርታው ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር። በዚያው ቀን የወጣው የኒንተንዶ አዲሱ ኮንሶል ስዊች ሁለቱን ስክሪኖች አንድ አደረገ፤ ወይ ቴሌቪዥን ላይ ወይ እጅ ላይ፣ በአንድ ጊዜ ግን ሁለቱም ላይ አይደለም። ሽያጩ ከ150 ሚሊዮን አልፏል።

ያውቁ ኖሯል? ሁለተኛው ስክሪን አሁን ኪስዎ ውስጥ ነው። በ2015 ፎልአውት 4 ሲወጣ የገጸ ባሕሪው የክንድ ኮምፒውተር ስልክ ላይ በአፕ እንዲከፈት ተደርጎ ነበር። ጃክቦክስ ፓርቲ ፓክ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ስልክን ራሱን ጆይስቲክ አድርጎታል፤ እንግዳው ብራውዘር ከፍቶ ኮድ ያስገባል፣ መልሱን ማንም ሳያየው ይጽፋል፣ ውጤቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ይወጣል። አራት ጌም ቦይ መግዛት የቀረው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ስክሪኑ ሌላው ተጫዋች ማየት የሌለበትን የሚይዝ ከሆነ ወይም ቴሌቪዥኑን ለቤተሰቡ የሚለቅ ከሆነ ዋጋውን ያወጣል። ካርታና ጤና ለማሳየት ብቻ ከሆነ ግን ባትሪውን ይጨርሳል፣ እጅን ይከብዳል፣ ዓይንን ያደክማል። በ2023 የወጣው የተርትል ቢች ስቴልዝ አልትራ ጆይስቲክ የማኅበራዊ ሚዲያ መልእክት የምታሳይ 1.5 ኢንች ስክሪን ተገጥሞለታል፤ ጌም መሐል መልእክት ማንበብ ማንን እንደሚጠቅም አይታየኝም።

በኖቬምበር 2023 በ199.99 ዶላር የወጣው የሶኒ ፕሌይስቴሽን ፖርታል ቴሌቪዥኑን ነጻ ማድረግን ብቻ ዓላማው አድርጎ ተሠርቷል፤ ባለ 8 ኢንች ስክሪን ሲሆን ግራና ቀኙ የፒኤስ5 ጆይስቲክ ነው። ሲወጣ ከራስዎ ፒኤስ5 ምስል ከመቀበል በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ በኋላ ሶኒ ለከፍተኛው የፕሌይስቴሽን ፕላስ ደረጃ ደንበኞች ጌሙን ከራሱ ሰርቨር በኢንተርኔት መላክ ጀምሯል። ውጭ አገር ያለ ዘመድዎን «አምጣልኝ» ከማለትዎ በፊት የቤትዎን ዋይፋይ ይለኩ። ከራስዎ ፒኤስ5 ምስል ለመቀበል ሶኒ የሚጠይቀው ትንሹ ፍጥነት በሰከንድ 5 ሜጋቢት ነው፤ በደንብ ለመጫወት 15 ያስፈልጋል። የብሉቱዝ ማዳመጫም አይቀበልም፤ ባለ ገመድ ያዘጋጁ።