ከወላጅ የተወረሰ ገበጣ፤ ዋጋውና ጥበቃው

ከወላጅ የሚወረስ ሀብት መሬትና ከብት ብቻ አይደለም። ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባለው የጎጃም ደጋ፣ ክረምቱ በርትቶ ዝናብና ጉም ሰውን ከቤት በሚያውልበት ወራት፣ ከአባት ለልጅ የተላለፈ የገበጣ እንጨት ከተቀመጠበት ወጥቶ መደብ ላይ ሲዘረጋ፣ ደስታው ከተራ ጨዋታ ያለፈ ነው። የአባት እጅ ያለሰለሰውን እንጨት የልጅ ልጅ ይነካዋልና።

ገበጣ በረድፍ በረድፍ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች ያሉት መጫወቻ ነው፤ እንጨት ያላገኘ እረኛም በመሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ይጫወተዋል። በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ዐይነቶች አንዱ ሦስት ረድፍ ሲኖረው፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱም 3 ጠጠር ይደረጋል፤ ድምሩ 54 ጠጠር ይሆናል። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያነሣውን ጠጠር በተከታዮቹ ላይ አንድ በአንድ እየዘራ ይሄዳል። የመጨረሻዪቱ ጠጠር የምታርፍበትን ስፍራ አስቀድሞ ያሰላ ብልጫ ያገኛል። ስለዚህም ጨዋታው ለነጋዴ ልጅ መልካም የሒሳብ ማለማመጃ ነው።

ይሁን እንጂ ደንቡ በየአገሩ ይለያያል። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት ስለዚሁ ልዩ ልዩ አጨዋወት በሰፊው ጽፈዋል።

በባሕር ማዶም ከወላጅ የሚወረስ ተመሳሳይ መጫወቻ አለ፤ ይኸውም ፐዝል የተባለው የሥዕል መገጣጠሚያ ነው። በ1760ዎቹ እ.ኤ.አ. ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የሎንዶን ካርታ ሠሪ ካርታ በእንጨት ላይ ለጥፎ፣ በአገሮች ወሰን እየቈረጠ ለልጆች የጂኦግራፊ ማስተማሪያ አድርጎ ሸጠ። በ1933 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ የኢኮኖሚ ችግር በጸናበት ጊዜ፣ በአሜሪካ በሳምንት እስከ 10 ሚሊዮን የሚደርስ የካርቶን ፐዝል ይሸጥ እንደ ነበር ተጽፏል፤ የሚያከራዩ ሱቆችም ነበሩ። ዛሬ ከእናት ከአባቱ አሮጌ ፐዝል የወረሰ ሰው አንዲት ቁራጭ ብትጠፋበት ሥዕሉ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል፤ ዋጋውም ይወድቃል።

ገበጣ ግን ከዚህ ይለያል። የጠፋችው ጠጠር በሌላ ጠጠር ትተካለች፤ የማይተካው የአባት አጨዋወት ነው። ደንቡን የሚያውቀው ሽማግሌ ሳይናገር ቢያልፍ፣ የቀረው እንጨት ጉድጓድ ያለው ሳንቃ ብቻ ይሆናል።

ነገሩ ለነጋዴዎችም የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የቆየ ገበጣ ከባለቤቱ በርካሽ ገዝቶ ለጎብኚ መሸጥ ለጊዜው ትርፍ ቢመስልም፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ደንግጓል፤ ስለዚህ ላኪ የሆነ ሁሉ ጥንታዊ ዕቃ ከመጫኑ አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባዋል። ከዚህ የሚሻለው መንገድ አሮጌውን ለወራሹ ትቶ፣ አዲሱን ከአካባቢው አናጢዎች ማሠራት ነው። ከአዲሱም ጋር የአካባቢው ሽማግሌዎች የሚያውቁት ደንብ በወረቀት ተጽፎ ቢሸጥ፣ ገዢው የሚጫወትበትን ዕቃ ያገኛል፤ አናጢውም እንጀራ ይበላል፤ የአባቶችም አጨዋወት ከመጥፋት ይድናል።