ወር ሲለወጥ የሚጠፋው ተራ

በልደታ ክፍለ ከተማ ያለው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ስሙ የሥራ ስም ነው፤ መሣሪያ ይዞ መቆም የሰው ግዴታ የነበረበትን ዘመን ያስታውሳል። ሌሊቱን ቆሞ የሚያነጋ ዛሬም አለ። በዚያው ክፍለ ከተማ የጥቁር አንበሳና የባልቻ ሆስፒታሎች መብራት አይጠፋም፤ የሕንፃ ጥበቃውና ዳቦ ጋጋሪውም ሌሊቱን በፈረቃ ይካፈላሉ። የእነዚህን ሰዎች እንቅልፍ ብዙ ጊዜ የሚወስነው አንድ ወረቀት ነው፤ ኃላፊው በየወሩ መጨረሻ ጽፎ ግድግዳ ላይ የሚለጥፈው የፈረቃ ፕሮግራም። ፕሮግራሙን በሶፍትዌር ማውጣት ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ኃላፊው ከጽሕፈት ድካም እንደሚገላገል ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው፤ ኮምፒውተሩ ተራው የት ላይ እንደቆመ አይረሳም።

አራት ምድብ ያለው፣ ቀንም ሌሊትም የማይዘጋ ድርጅት እንውሰድ። ፈረቃው ሦስት ነው፦ ከንጋቱ 12 እስከ ቀኑ 8፣ ከ8 እስከ ምሽቱ 4፣ ከ4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት። እያንዳንዱ ምድብ ሁለት ቀን ጠዋት፣ ሁለት ቀን ከሰዓት፣ ሁለት ሌሊት ሠርቶ ሁለት ቀን ያርፋል፤ ዙሩ 8 ቀን ነው። ወራችን ግን 30 ቀን ስለሆነ ከሦስት ዙር በኋላ 6 ቀን ይተርፋል። ኃላፊው ወር በገባ በ1 አዲስ ወረቀት አውጥቶ ምድብ ሀን እንደገና ከጠዋት ካስጀመረ፣ ሀ በ29 እና በ30 ሌሊቱን ይሠራል፤ ዕረፍቱ ሊደርስ ሲል ወሩ ያልቃል፤ በ1 ንጋት ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣ የጠዋቱ ይጀምርበታል። ወሩን በዕረፍት የሚጀምረው ምድብ መ ደግሞ በ30 ከሰዓት ሠርቶ፣ ቀጥሎ የሚጠብቁትን ሁለት ሌሊቶች ዘልሎ ዕረፍት ይገባል። ሀ በወር 8 ሌሊት ሠርቶ 6 ቀን ሲያርፍ፣ መ 6 ሌሊት ሠርቶ 8 ቀን ያርፋል። በ12 ወር ሲደመር የሀ ሌሊት 96፣ የመ 72 ይሆናል። ኃላፊው ለማንም አላደላም፤ ያዳላው የወሩ መለወጫ ነው።

ሶፍትዌር ላይ የሚሞሉት የዙሩ ርዝመት፣ የፈረቃዎቹ ቅደም ተከተል፣ የመነሻው ቀንና በዚያ ቀን እያንዳንዱ ምድብ በዙሩ ስንተኛ ቀን ላይ እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሶፍትዌሩ ወር የሚባል ነገር የለም፤ ከመነሻው ስንት ቀን እንዳለፈ ብቻ ይቆጥራል። ኤክሴልም ቀኑን ለ8 አካፍሎ ቀሪውን በማየት ይህንኑ ይሠራል። የ8 ቀን ዙር ይዞ «በየሳምንቱ ይደገም» የሚለውን መምረጥ ግን የወረቀቱን ስህተት በየ7 ቀኑ መድገም ነው። ሰዓቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የምሽቱን 4 ሰዓት 22:00 ብለን ካልሞላን፣ 4:00 ማለት ለማሽኑ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ቅደም ተከተሉም ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት ቢሆን ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሳይንስ መጽሔት የወጣ፣ በዩታ የማዕድን ፋብሪካ የተደረገ ጥናት ፈረቃው ወደዚህ አቅጣጫ ዞሮ ቅያሪው ሲዘገይ የሠራተኞቹ ጤናና ምርታማነት እንደተሻሻለ አሳይቷል።

«ሰው በሌለበት ሶፍትዌር ምን ያደርጋል?» የሚለው ተቃውሞ ከባድ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ ለአራት ምድብ ሲካፈል 42፣ ለሦስት 56፣ ሃያ አራት ሃያ አራት ሰዓት ለሚፈራረቁ ሁለት ዘበኞች ደግሞ 84 ይደርሳል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በሳምንት በ48 ሰዓት ይገድባል፤ የሌሊት ትርፍ ሰዓትም የመደበኛውን ክፍያ 1.75 እጥፍ ያስከፍላል። ሶፍትዌሩ ሦስተኛና አራተኛ ዘበኛ አይቀጥርም። ነገር ግን 84 ሰዓቱን በቀይ ደምሮ ያሳያል፤ ወረቀት ላይ ይህ ድምር ስለማይጻፍ አሠሪውም ሠራተኛውም ሳይነጋገሩበት ዓመታት ያልፋሉ።

ሌላው ስጋት ለቅሶና ሰርግ ያለበት ኑሮ በስሌት አይገዛም የሚል ነው። እውነት ነው፣ ለቅሶ ፈረቃ አይጠብቅም። ቅያሪ ግን የዚያን ቀን ስም ብቻ ይለውጣል፤ ዙሩ ባለበት ይቀጥላል፣ ማን የማንን ሌሊት እንደሸፈነም ተመዝግቦ ይቀራል። ወረቀት ላይ ስም ተሰርዞ ሌላ ሲጻፍ ግን ውለታው የሚቀረው በሁለቱ ሰዎች ትዝታ ውስጥ ብቻ ነው። መብራት ለሚጠፋበትም ቀን ሰሌዳውን አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል፤ የተለጠፈው ቅጂ ነው፣ ዋናው ቆጠራ አይቋረጥም።

በዓልም አለ። በየወሩ ከ1 በሚጀምረው ወረቀት መስከረም 1 እና መስከረም 17 ሁለቱም የዙሩ የመጀመሪያ ቀን ላይ ይውላሉ። እንቁጣጣሽንም መስቀልንም ጠዋት ሥራ የሚገባው ሁልጊዜ ምድብ ሀ፣ ቤቱ የሚውለው ሁልጊዜ ምድብ መ ነው። ዙሩ ሳይቋረጥ ሲቆጠር ግን 365 ቀን ለ8 ተካፍሎ 5 ስለሚተርፍ፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ 6፣ በዓሉ ራሱ በየምድቡ ይዞራል፤ ዘንድሮ እንቁጣጣሽ በመጀመሪያ ሌሊቱ ላይ የዋለበት ምድብ ጳጉሜ 5 በሆነችባቸው ተከታታይ ዓመታት በሚቀጥለው ዓመት ጠዋት ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ቤቱ ይውላል።