ስልኬን ከሩቅ ቢያጠፉትስ?

በቅርቡ ለቤተሰብ ጉዳይ ሐረር ወርጄ ሳለ የእህቴን ልጅ ስልክ ባትሪው አብጦ የጀርባ ክዳኑን ፈንቅሎት አገኘሁት። ይዤው ፈረስ መጋላ ወደሚገኝ አንድ የሞባይል መጠገኛ ሄድኩ። ጠጋኙ ወጣት አገላብጦ አየውና፣ «ጋሼ፣ ይህን ዛሬ ሌሊት ማንም ትራሱ ሥር እንዳያደርገው» አለኝ። ከየት እንደተገዛም ጠየቀኝ። ከየት ይሆናል? በጅግጅጋ በኩል ገብቶ፣ ያለ ደረሰኝና ያለ ዋስትና ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ የመጣ ነው። ሻጩ ዛሬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።

ባትሪው እስኪቀየር ስጠብቅ አንድ የቆየ ክርክር ትዝ አለኝ። አምራቹ የሸጠው ስልክ እሳት ሊያስነሣ እንደሚችል ካወቀና «መልሱልኝ» ካለ በኋላ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስልክ ከሩቅ ሊያጠፋው ይገባል ወይ? ልጁን ጠየቅሁት። «ያጥፋው፤ ብሬን ግን ማን ይመልስልኛል?» አለኝ። የክርክሩ ልብ ያለው እዚሁ ላይ ይመስለኛል።

ነገሩ በሰፊው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7ን ነሐሴ ላይ ለገበያ አቀረበ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባትሪው እየጋለ ይቃጠላል የሚል አቤቱታ በዛና በመስከረም መጀመሪያ 2.5 ሚሊዮን ስልኮችን ለመሰብሰብ ተገደደ። በምትክ የተሰጡትም ማጨስ ጀመሩ። ጥቅምት 5 ቀን 2016 አንዱ በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ ሊነሣ በተዘጋጀ አውሮፕላን ውስጥ ጭስ አስነሥቶ መንገደኞች እንዲወርዱ ሆነ። በሳምንቱ ስልኩ ጭራሽ መመረት አቆመ። ኩባንያው በጥር 2017 ባወጣው ምርመራ ጥፋቱ የባትሪዎቹ ነው አለ። በስልክ ባትሪ ውስጥ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን የሚለያቸው ስስ ሽፋን ነው። የአንደኛው አቅራቢ ባትሪ ጥጉ ላይ ተጨምቆ ነበር፤ የሁለተኛው ደግሞ የብየዳ ጉድለት ነበረበት። ሁለቱ ወገኖች ከተነካኩ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት እየወለደ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ማጥፊያውን መጫን ዋጋ የለውም።

ብዙ ሰው ስልኩን መለሰ። በአሜሪካ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከ93 በመቶ በላይ ተሰብስቦ ነበር። የቀሩት ግን ስልኩን ወደውታል፣ አልመልስም አሉ። በኒውዚላንድ የቴሌኮም ድርጅቶች ከኅዳር 18 ጀምሮ ስልኮቹን ከኔትወርክ አስወጧቸው። በአሜሪካ ደግሞ ሳምሰንግ ጨርሶ ቻርጅ እንዳያደርጉ የሚያግድ ሶፍትዌር እንደሚልክ አስታወቀ። ቬራይዘን የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ መጀመሪያ ላይ አሻፈረኝ አለ፤ በበዓል ሰሞን መንገድ ላይ ያለ ደንበኛዬ አደጋ ቢደርስበት በምን ይደውላል ብሎ። በጥር ወር እሱም ተስማማ።

ሁለቱ እርምጃዎች አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ አይደሉም። ከኔትወርክ የተቆረጠ ስልክ ቻርጅ ማድረጉን ይቀጥላል፤ ስለዚህ እሳቱም አብሮት አለ። ከዚያም በላይ፣ በአንድ አገር ኔትወርክ የተዘጋ ስልክ ሌላ አገር ሲም ካርድ ቢገባበት ሊሠራ ይችላል። እንዲህ ያለ ዕቃ ወዴት እንደሚሄድ ለፈረስ መጋላ ሰው መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ቻርጅን መገደብ ግን አደጋውን ከምንጩ ይነካል። ጉግል በ2025 ያደረገው ይህንኑ ነው። በጥር ወር ለፒክስል 4ኤ ስልኮች የባትሪውን አቅም የሚቀንስ ሶፍትዌር ላከ፤ በሐምሌ ደግሞ ፒክስል 6ኤ ከ400 ዙር ቻርጅ በኋላ አቅሙ እንዲቀንስ አደረገ። ስልኩ አልሞተም፤ ይደውላል፣ ቶሎ ግን ያልቃል። ለእኔ ይህ ከሞት የተሻለ ነው።

እኛም ለነገሩ እንግዳ አይደለንም። ኢትዮ ቴሌኮም ከመስከረም 14 ቀን 2010 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ቀፎ ምዝገባ ሲያስጀምር፣ ከዚያ በኋላ የሚገቡ ያልተመዘገቡ ስልኮች አገልግሎት እንዳያገኙ የሚያደርግ አሠራር ነበር። እያንዳንዱ ቀፎ የራሱ የሆነ ባለ 15 አኃዝ መለያ ቁጥር አለው፤ *#06# ብትደውሉ ታዩታላችሁ። ሥርዓቱ ኮንትሮባንድና ስርቆትን ለመከላከል የታሰበ እንጂ ከእሳት ጋር የሚያገናኘው አልነበረም። ነገር ግን በእጃችን ያለ ዕቃ ከአንድ ማዕከል ከአገልግሎት ሊወጣ እንደሚችል ብዙዎቻችን የተረዳነው ያኔ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1204 ባለሀብትነትን በአንድ ግዙፍ ዕቃ ላይ ከሁሉ የሰፋው መብት ያደርገዋል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 5 ደግሞ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ አልፎ የኮምፒዩተር ሥርዓትን መደበኛ ሥራ ሆን ብሎ ማወክን ወንጀል አድርጎታል። ስልክም ኮምፒዩተር ነው። አምራቹ «ደንበኛው ሲጀምር እስማማለሁ የሚለውን ተጭኗል» ይል ይሆናል። ማንም ያላነበበው ያ ረጅም ጽሑፍ ዕቃዬን የመግደል ፈቃድ ነው ቢባል አንድ ዳኛ በቀላሉ የሚቀበለው አይመስለኝም።

በሌላ በኩል፣ ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2085 ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አጠቃቀም ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ኃላፊነቱ ካለበት፣ ጉዳቱን አስቀድሞ ለመከላከልም እጁን ማሰር አይገባም። ደግሞስ እሳቱ የባለስልኩ ብቻ ነው እንዴ? ጀጎል ውስጥ ቤቱ ከቤት ተያይዞ የቆመ ነው፤ መተላለፊያው ሁለት ሰው በጎን የማያሳልፍበት ቦታ አለ፤ እሳት አደጋ መኪና የማይገባበት መንገድ ብዙ ነው። ማታ መብራት ሲመጣ ሰው ሁሉ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተኛል። እኔ ንብረቴ ነው ብዬ አደገኛ ስልክ ይዤ ብተኛ ጎረቤቴ ተስማምቻለሁ አላለም። ስለዚህ የአምራቹን እጅ ጨርሶ እንቁረጥ የሚሉት ወገኖች አያሳምኑኝም።

ግን ቅድሚያ ገንዘቡ ይምጣ። መንግሥት እንኳ ለሕዝብ ጥቅም ንብረት ሲወስድ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ መክፈል አለበት። ለመንግሥት ያልተፈቀደውን ለኩባንያ የምንፈቅድበት ምክንያት አይታየኝም። ዛሬ ስልክ ስልክ ብቻ አይደለም፤ ቴሌብር ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የብዙ ሰው የገንዘብ ቦርሳ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲጠፋ ያየን ሰዎች መቋረጥ ምን እንደሚመስል እናውቃለን።

እዚህ ላይ «ያለ ደረሰኝ የተገዛ፣ ቀረጥ ያልተከፈለበት ስልክ ምን ካሳ ይገባዋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ቀረጡ የጉምሩክና የነጋዴው ጉዳይ ነው፤ ሕጉ ይከታተለው። አምራቹ ግን ዋጋውን ዱባይም ይሁን ሌላ ቦታ አስቀድሞ ተቀብሏል። ደረሰኝ አምጡ ማለቱም አያስኬደውም፤ ስልኩን ለማጥፋት ደረሰኝ አልጠየቀም፤ በመለያ ቁጥሩ ፈልጎ አገኘው። ለማጥፋት የበቃ ቁጥር ለመክፈል አይበቃም እንዴ? ተጠቃሚው ቁጥሩን ይላክ፣ ገንዘቡ ይግባለት፣ ከዚያ በኋላ ቻርጁ ይገደብ። የአደጋ ጊዜ ጥሪ ግን እስከ መጨረሻው ይቅርለት። አደገኛ ነው የሚለውንም ኩባንያው ብቻውን አይወስን፤ ዕቃውን የሚቆጣጠር የመንግሥት አካል አይቶ ማስታወቂያውን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም ያውጣ።

ጠጋኙ ሥራውን ጨረሰ። ያበጠውን ባትሪ ከበሩ ውጪ ባስቀመጠው አሸዋ የሞላ ጣሳ ውስጥ ከተተው። ጣሳው ውስጥ ሌሎች አራት ነበሩ። አዲሱ ባትሪ የማን ሥሪት እንደሆነ ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ከፍዬ ስወጣ ለእህቴ ልጅ ደወልኩላትና ስልኩን ማታ ከፍራሽ አርቃ፣ ሲሚንቶ ላይ አድርጋ ቻርጅ እንድታደርግ ነገርኳት።